የደንበኛ ምሥጢር ለማሽን ሲሰጥ

አንድ የቡና ላኪ ድርጅትን እንውሰድ። ሐምቡርግ ከሚገኘው ገዢው ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ደርሶታል። ገዢው የዋጋ ቅናሽ ይጠይቃል፤ የመጫኛው ወር እንዲሸጋገር ይፈልጋል፤ ባለፈው ጭነት ጥራት ላይም ቅሬታ አለው። ሥራ አስኪያጁ መልሱ በቶሎ እንዲሄድ ያዛል። የሽያጭ ሠራተኛዋ ደብዳቤውን ከነአባሪው፣ ባለፉት ስድስት ወራት የተጻጻፉትንም ጨምራ፣ በእጅ ስልኳ ላይ ላለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ታቀርባለች። "ጨዋነት ያለው፣ ቅናሹን ግን የማይቀበል መልስ ጻፍልኝ" ትለዋለች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የተዋጣለት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይመጣላታል።

ሥራ አስኪያጁ ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ የገዢው ስም፣ በፓውንድ የተስማሙበት ዋጋ፣ የኮንትራቱ ቁጥር፣ የባንኩ ስምና የሂሣብ ቁጥሩ ከአዲስ አበባ ወጥተው ባሕር ማዶ በሚገኝ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠዋል። ተፎካካሪ ላኪ ይህንን ወረቀት ለማየት ስንት ይከፍል ነበር? ቢሮውን የሰበረ ሌባ የለም። ምሥጢሩን በሩን ከፍታ ያወጣችው የድርጅቱ ሠራተኛ ናት፤ ያውም ለሥራዋ ተግታ።

አበው "ካፍ ከወጣ አፋፍ" ሲሉ ስለ ምላስ መናገራቸው ነበር። ዛሬ አባባሉ ለጣትም ይሠራል። ይህን መሣሪያ የሞከረ አስመጪ፣ የሂሣብ ባለሙያ፣ ጠበቃ ወይም የአክሲዮን አገበያይ ጥቅሙን ለማወቅ ሌላ ምስክር አያሻውም። መጠየቅ ያለበት የሚላከው ምሥጢር የማን እንደሆነ ነው። ነጋዴ የራሱን ጉዳይ ቢያወጣ ጉዳቱ የራሱ ነው። የደንበኛውን ጉዳይ ካወጣ ግን በአደራ የተቀበለውን የሰው ገንዘብ ያጠፋ ያህል ነው።

ደመናው የት ነው?

"ክላውድ" በእንግሊዝኛ ደመና ማለት በመሆኑ ነገሩን በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ያስመስለዋል። በተግባር ግን ክላውድ ማለት በአንድ አገር፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የተደረደሩ፣ ባለቤት ያላቸውና ኤሌክትሪክ የሚበሉ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ተጠቃሚው የሚከራየው የእነዚህን ኮምፒዩተሮች ጉልበት ነው። እነ ቻት ጂፒቲና ጀሚናይን የመሳሰሉት አገልግሎቶች ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በዚያ ነው። የተጠቃሚው ስልክ ጥያቄ አድራሽና መልስ ተቀባይ ነው።

ብዙ ሰው "መልእክቱ በመንገድ ላይ በምሥጢር ኮድ ይታሸጋል" በሚለው ይጽናናል። መታሸጉ እውነት ነው። ይሁንና የታሸገ ፖስታ የሚጠብቀው ከፖስተኛው እንጂ ከተቀባዩ አይደለም። ማሽኑ ደብዳቤውን አንብቦ መልስ እንዲሰጥ ፖስታው የግድ መከፈት አለበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕጣ የሚወስኑት የአገልግሎት ሰጪው ደንብ፣ ጥንቃቄውና የሚተዳደርበት አገር ሕግ ናቸው።

ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ጽሑፉ በአራት ቦታ ሊቀር ይችላል። አንደኛው የተጠቃሚው የራሱ ማኅደር ነው። ሠራተኛዋ ስልኳ ቢሰረቅ ወይም የይለፍ ቃሏ ቢታወቅ፣ የወራት ጽሑፍ በአንድ ላይ ተጠቃሎ ይገኛል። ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪው ሕገወጥ አጠቃቀምን ለመከታተል የሚይዘው መዝገብ ነው። ለምሳሌ ኦፕን ኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ድርጅቶች የራሳቸውን ፕሮግራም ከእርሱ ጋር አገናኝተው የሚልኩለትን ጽሑፍ በመደበኛው አሠራር እስከ 30 ቀን ያቆያል።

ሦስተኛው የሰው ዓይን ነው። የአገልግሎቱን ጥራት ለመመዘን ከንግግሮቹ መካከል የተወሰኑትን ሰዎች ያነቧቸዋል። ጎግል በጀሚናይ ደንቡ ላይ፣ በሰዎች የተገመገሙ ንግግሮች ተጠቃሚው ማኅደሩን ቢሰርዝም እንኳ እስከ 3 ዓመት ሊቆዩ እንደሚችሉ አስታውቋል፤ ምሥጢራዊ ነገር እንዳይጻፍም ራሱ ይመክራል። አራተኛው ሥልጠና ነው። ተጠቃሚው የጻፈው ነገር ቀጣዩን ማሽን ለማሠልጠን ሊውል ይችላል። ወተት ውስጥ የገባ ውኃ ተመልሶ እንደማይለይ ሁሉ፣ ለሥልጠና የዋለ ጽሑፍም ተለይቶ መውጣቱ እጅግ አዳጋች ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊስተው የማይገባ ልዩነት አለ። ለግለሰብ የተዘጋጀው አገልግሎትና ለድርጅት የተዘጋጀው አንድ አይደሉም። ኦፕን ኤአይ ለድርጅቶች በተዘጋጁት አገልግሎቶቹ የሚገባውን ጽሑፍ ደንበኛው ካልፈቀደ በስተቀር ለሥልጠና እንደማያውል ይገልጻል። በግለሰብ አገልግሎቱ ግን ተጠቃሚው ራሱ ገብቶ ካልከለከለ ሊያውለው ይችላል። ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት "ከከፈልኩ ተጠበቅሁ" ብለው ነው። በወር 20 ዶላር የሚከፈልበት ቻት ጂፒቲ ፕላስ የግለሰብ አገልግሎት ነው። ገንዘቡ የሚገዛው የበለጠ አቅምን ነው፤ የድርጅት ውል አብሮት አይመጣም።

ምን ደርሶ ያውቃል?

ስጋቱ በወሬ ብቻ የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የደቡብ ኮሪያው ሳምሰንግ ሠራተኞች የኩባንያውን የፕሮግራም ጽሑፍና የስብሰባ ይዘት ወደ ቻት ጂፒቲ ማስገባታቸውን የአገሪቱ ጋዜጦች ዘገቡ። የጋዜጦቹ ዘገባ ስለ ጠላፊ የሚያወራ አልነበረም። ሠራተኞቹ ስህተት ለማረምና ቃለ ጉባዔ ለማሳጠር የሞከሩ ነበሩ። ኩባንያው በዚያው ዓመት በሜይ ወር እንዲህ ያሉ አገልግሎቶችን በመሣሪያዎቹ ላይ ከለከለ።

በዚያው ዓመት ማርች 20 ቀን ደግሞ በቻት ጂፒቲ ላይ በደረሰ የፕሮግራም ስህተት አንዳንድ ተጠቃሚዎች የሌሎችን የንግግር ርዕስ ለማየት ቻሉ። ኦፕን ኤአይ በኋላ እንዳመነው፣ በ9 ሰዓታት ውስጥ አገልግሎቱን ይጠቀሙ ከነበሩት የፕላስ ደንበኞች የ1.2 በመቶው ስም፣ የኢሜይል አድራሻ፣ የክፍያ አድራሻና የክሬዲት ካርድ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ለሌላ ሰው ታይተው ሊሆን ይችላል። የጣሊያን የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በወሩ መጨረሻ አገልግሎቱን በአገሪቱ ለጊዜው ያገደ ሲሆን፣ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ማሻሻያ ተደርጎ ተከፍቷል።

እ.ኤ.አ. በ2025 የሆነው ደግሞ ለነጋዴ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በኦፕን ኤአይ ላይ በመሠረተው የቅጂ መብት ክስ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በሜይ ወር አንድ ትዕዛዝ ሰጠ። ኩባንያው በተለመደው አሠራሩ ሊሰርዛቸው የነበሩትን የንግግር መዝገቦች እንዲያቆይ የሚያስገድድ ነበር። ተጠቃሚው "አጥፋ" የሚለውን ቢጫንም እንኳ መዝገቡ ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ። ግዴታው በሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ቢያበቃም፣ በእነዚያ ወራት ምሥጢሩን ጽፎ ሰርዣለሁ ያለ ሰው ጽሑፉ በማያውቀው ክርክር ምክንያት ተቀምጦ ነበር። ከትዕዛዙ ውጭ የነበሩት ለትላልቅ ድርጅቶችና ለትምህርት ተቋማት የተዘጋጁት አገልግሎቶች፣ እንዲሁም ጽሑፋቸው ጭራሽ እንዳይቀመጥ በውል የተስማሙት ደንበኞች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ታየ። የቻት ጂፒቲ ተጠቃሚዎች ለሌላ ሰው ለማሳየት በአድራሻ ያጋሯቸው ንግግሮች በጎግል ፍለጋ ላይ መውጣታቸው ታወቀ። ንግግሩ በፍለጋ እንዲገኝ የሚፈቅድ ምልክት ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ሳያስተውሉት ወይም ትርጉሙን ሳይረዱት ነክተውታል። ኩባንያው ይህን አሠራር ወዲያውኑ አንስቷል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የአገልግሎት ሰጪው ቃል ኪዳን፣ "አጥፋ" የሚለው ምልክትና ጠንካራ የይለፍ ቃል ሁሉም ይጠቅማሉ። ሁሉም ግን የሚሠሩት ምሥጢሩ ከወጣ በኋላ ነው። ያልተላከ ነገር ግን አይሰረቅም፣ በፍርድ ቤት አይታገድም፣ በስህተትም ለሌላ አይታይም።

ሕጉ ማንን ይጠይቃል?

በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው፣ መረጃውን ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ሊያውለውና በአግባቡ ሊጠብቀው ይገባል። መረጃውን ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍም በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው። ጥሰት ሲደርስ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማስታወቅ ይጠበቃል።

ለነጋዴው ዋናው ነጥብ ኃላፊነቱ የሚወድቅበት ቦታ ነው። ደንበኛው መታወቂያውን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና የሂሣብ መግለጫውን የሰጠው ለድርጅቱ ነው። ድርጅቱ ሥራውን ለባሕር ማዶ ማሽን ቢያሠራም፣ ደንበኛው በሩን የሚያንኳኳው የድርጅቱን ነው። "ኮምፒዩተሩ ነው ያወጣው" የሚለው መልስ ከኃላፊነት ነፃ አያወጣም።

የካፒታል ገበያው ሰዎች ጉዳይ ይለያል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአገበያይ ትልቁ ምሥጢር ገና ያልተፈጸመ ትዕዛዝ ነው። አንድ ባለሀብት ብዛት ያለው አክሲዮን ሊሸጥ መሆኑ ቀድሞ ከታወቀ ዋጋው ከእጁ ሳይወጣ ይወድቅበታል። ይህንን የደንበኛ ሐሳብ "ገበያውን ተንትንልኝ" ብሎ ለግለሰብ አገልግሎት መስጠት ከሙያ ግዴታ ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

ከአውሮፓ ጋር የሚሠሩትም እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ሊያስታውሱ ይገባል። ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከኩባንያው ዓመታዊ የዓለም ሽያጭ እስከ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። የሐምቡርጉ ገዢ ይህ ፍርሃት ስላለበት የሠራተኞቹን ስምና አድራሻ የላከለት ወገን እንዴት እንደሚይዘው ሊጠይቅ ይችላል።

ለቀማው

መከልከል ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። ሆኖም ሠራተኛው በቢሮ ኮምፒዩተር የተከለከለውን በኪሱ ባለው ስልክ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ክልከላ ብቻውን ምሥጢሩን ከዓይን ወደተሰወረ መንገድ ይገፋዋል። የሚሻለው ቡና እንደሚለቀመው ሁሉ ጽሑፉን ለቅሞ መላክ ነው።

ለቀማው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ለማንም ቢታይ ጉዳት የሌለው ነው፤ የታተመ የዋጋ ዝርዝር፣ ማስታወቂያ፣ በጋዜጣ የወጣ አዋጅ። ይህ በነፃ ይሂድ። ሁለተኛው የድርጅቱ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ የሥራ ዕቅድ፣ ረቂቅ ደብዳቤ፣ የበጀት ሐሳብ። ይህ በድርጅት ውል በተገዛ አገልግሎት ብቻ ይሂድ። ሦስተኛው የደንበኛ ምሥጢር ነው፤ መታወቂያ፣ የሂሣብ ቁጥር፣ የኤልሲ ሰነድ፣ የባለአክሲዮኖች ዝርዝር፣ ያልተፈጸመ ትዕዛዝ። ይህ እንዳለ አይላክም።

እንዳለ አይላክም ማለት ግን ማሽኑ አይረዳም ማለት አይደለም። የቡና ላኪዋ ሠራተኛ ብትመለስ ደብዳቤውን እንዲህ ልታዘጋጀው ትችላለች። የገዢው ስም "ገዢ ሀ" ይሁን። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑት 320 ኬሻዎች "አንድ ኮንቴይነር" ይባሉ። ዋጋው በቁጥር ሳይጠቀስ "የተስማማንበት ዋጋ" ተብሎ ይለፍ። የኮንትራት ቁጥር፣ የባንክ ስምና የሂሣብ ቁጥር ጭራሽ ይውጡ። የስድስት ወሩ መጻጻፍ በሦስት መስመር ይጠቃለል። ማሽኑ ጨዋ የእምቢታ ደብዳቤ ለመጻፍ የገዢውን የባንክ ሂሣብ ማወቅ አያስፈልገውም። መልሱ ሲመጣ ስሞቹና ቁጥሮቹ በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ይመለሱለታል። "ገዢ ሀ" ማን እንደሆነ የሚገልጸው ዝርዝር በካዝና ወይም በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጣል። ሥራው ከአሥር ደቂቃ አያልፍም።

ስም ማውጣት ብቻውን ግን አይበቃም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ላታንያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ የፖስታ ክልል ቁጥር፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ብቻ ቢታወቁ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነውን ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። የኢትዮጵያ ገበያ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል። "በሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው መጀመሪያ የተመዘገበው ባንክ" ቢባል ስሙ ባይጠራም ወጋገን መሆኑን ገበያውን የሚከታተል ሰው አያጣውም። ስለዚህ ጽሑፉ ከመላኩ በፊት "ይህንን የሚያነብ የገበያ ሰው ደንበኛዬን ያውቀዋል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ያውቀዋል ከተባለ ቦታው፣ ወሩና መጠኑም መደብዘዝ አለባቸው።

ከአገልግሎት ሰጪው ጋር

የድርጅት አገልግሎት ለመግዛት አቅም ያለው ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አምስት ጥያቄዎችን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ሊይዝ ይገባል። የምንልከው ጽሑፍ ለሥልጠና ይውላል ወይ? ስንት ቀን ይቀመጣል፤ ጭራሽ እንዳይቀመጥስ መስማማት ይቻላል ወይ? የሚቀመጠው በየትኛው አገር ነው? የትኞቹ ሰዎችና የትኞቹ ንዑስ ተቋራጮች ሊያዩት ይችላሉ? ጥሰት ሲደርስ በስንት ሰዓት ውስጥ ያስታውቁናል? የመጨረሻው ጥያቄ የቀላል አይደለም። ሕጉ ለድርጅቱ 72 ሰዓት ሲሰጥ፣ አገልግሎት ሰጪው ዘግይቶ ካስታወቀ ጭንቀቱ የድርጅቱ ነው።

የአገሩ ጥያቄም በጥንቃቄ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በአገሪቱ ሥልጣን ሥር ያሉ ኩባንያዎች፣ መረጃው በየትኛውም አገር ቢቀመጥ፣ በሕጋዊ ትዕዛዝ ሲጠየቁ እንዲያቀርቡ ያደርጋል። ኮምፒዩተሩ አውሮፓ ወይም አፍሪካ መቀመጡ ብቻውን መልስ አይሆንም።

አነስተኛ ቢሮዎችም የሚያደርጉት አያጡም። ሠራተኛው በግል ስልኩና በግል አድራሻው ሳይሆን በድርጅቱ አድራሻ ይጠቀም፤ ሥራ ሲለቅ ማኅደሩን ይዞ አይሄድም። ለሥልጠና እንዳይውል የሚያግደው ምልክት በመጀመሪያው ቀን ይስተካከል። መግቢያው ከይለፍ ቃል ሌላ ወደ ስልክ በሚላክ ቁጥር ወይም በመሳሰለው ሁለተኛ ማረጋገጫ ይቆለፍ። ንግግርን በአድራሻ ማጋራት ይቅር። ከደንበኛ ጋር በሚፈረም ውል ላይም ድርጅቱ እንዲህ ያለ መሣሪያ እንደሚጠቀምና ምን ምን እንደማይልክ የሚገልጽ አንቀጽ ይግባ። ደንበኛው ቀድሞ ካወቀ ኋላ ቢሰማ አይደነግጥም።

በራስ ጓዳ

ምሥጢሩ ተደብዝዞም መላክ የማይችል ሥራ አለ። ለምሳሌ መቶ ገጽ የሚሆን የኦዲት ሰነድ ስም እየለቀሙ መጨረስ አይቻልም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ማሽኑን ወደ ቢሮ ማምጣት አማራጭ ነው። የሜታው ላማ፣ የአሊባባው ክዌን፣ የፈረንሳዩ ሚስትራልና የጎግሉ ጀማ የተባሉት ሞዴሎች ወደ ራስ ኮምፒዩተር ሊገለበጡ የሚችሉ ናቸው። አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት ቢነቀልም ይሠራሉ፤ የተጻፈላቸው ነገርም ከክፍሉ አይወጣም።

አማራጩ ወጪ አለው። ትንንሾቹ ሞዴሎች በጥሩ ላፕቶፕ ላይ ቢሠሩም በችሎታ ከትላልቆቹ ያንሳሉ። ተለቅ ያሉት ዋጋው ከበድ ያለ የግራፊክስ ካርድ፣ የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክና የሚንከባከባቸው ባለሙያ ይሻሉ። ኮምፒዩተሩ ራሱም መቆለፍ አለበት። የሌባ ተሸክሞ መሄጃ ከሆነ የተገኘ ጥቅም የለም። ለአንድ የሂሣብ ቢሮ ብቻውን ይከብድ ይሆናል፤ ብዙ የደንበኛ ሰነድ ለሚያገላብጥ ባንክ ወይም አገበያይ ግን ሂሣቡ ሊያዋጣ ይችላል።

ከወጣ በኋላስ?

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ ምሥጢር የወጣ እንደሆነ መጀመሪያ መደረግ ያለበት መደበቅን መተው ነው። ሠራተኛው ቅጣት ፈርቶ ዝም ካለ ሰዓቱ ይሄዳል። ምን እንደተላከ፣ መቼ፣ ለየትኛው አገልግሎት፣ የእነማን መረጃ እንዳለበት ወዲያው ይመዝገብ። ንግግሩ ከማኅደር ይሰረዝ፤ አገልግሎት ሰጪውም በጽሑፍ እንዲሰርዝ ይጠየቅ። የይለፍ ቃል አብሮ ወጥቶ ከሆነ በዚያው ሰዓት ይለወጥ። የሂሣብ ቁጥር ከሆነ ባንኩ ይነገረው። ሕጉ የሚጠይቀው ማስታወቂያ ይላክ። ደንበኛው ደግሞ ነገሩን ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ከድርጅቱ አፍ ይስማው።

በንግድ ዓለም የደንበኛ እምነት ከካፒታል አይተናነስም፤ ሂሣብ መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር ብቻ ይዘነጋል። ማሽኑ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሂሣብ ይደምራል፣ ይተረጉማል። የወጣን ምሥጢር መመለስ ግን አይችልም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የጣት ወለምታም እንዲሁ ነው።